ማስተካከያ፦ ካክተስ በየሳምንቱ ውሃ አትፈልግም

«ትንሿ ካክተስ እንድታብብ ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ አንድ ስኒ ውሃ ስጧት» የሚል ምክር ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በቴሌግራም በብዛት እየተጋራ ነው። ምክሩ ትክክል አይደለም።

የዕፅዋት ማዕከላት የእንክብካቤ መመሪያዎች እንደሚሉት ውሃ የሚሰጣት አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ ብቻ ነው። እንደ ማሚላሪያ ያሉት የካክተስ ዓይነቶች ደግሞ እምቡጥ እንዲይዙ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ የእረፍት ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። ለዚህ ደሴ በጣም ትመቻለች። ከኅዳር እስከ ጥር ውሃውን ማቆም፣ ውርጭ እንዳይመታት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ዳር ማስቀመጥ ነው። ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል አፈሩ ቶሎ ይደርቃል። በሐምሌና በነሐሴ ግን በሁለቱም ከተማ ዝናብ እንዳያገኛት።

በምክሩ መሠረት ስታጠጡ የከረማችሁ፣ ግርጌዋን በጣት ጫን አድርጋችሁ እዩ። ጠንካራ ከሆነች ደህና ናት፤ ውሃውን ብቻ አቁሙ። ከለሰለሰችና ቡናማ ከሆነች መበስበስ ጀምራለች። አሁንም ግን ልትተርፍ ትችላለች። ከላይ ያለውን ጤነኛ ክፍል በንጹሕ ቢላ ቁረጡ። የተቆረጠው ፊት ላይ ቡናማ ነጥብ ካለ፣ እስኪጠፋ ድረስ ከፍ እያላችሁ ቁረጡ። ጥላ ውስጥ አንድ ሁለት ሳምንት ቁስሉ ይድረቅና አሸዋ የበዛበት ደረቅ አፈር ላይ አስቀምጧት። ሥር እስክታወጣ ውሃ አይንካት።