ለግል የተበጀ አመጋገብ ከዘረመል በፊት ኑሮን ይጠይቅ

ምራቅዎን በትንሽ ብልቃጥ ይላኩልን፤ ለዘረመልዎ የሚስማማውን ምግብ እንነግርዎታለን። ይህችን ሴንሰር ክንድዎ ላይ ይለጥፉ፤ የትኛው ምግብ ስኳርዎን ከፍ እንደሚያደርግ ስልክዎ ላይ ያያሉ። ስለ ጤና ትንሽ የሚያነብ ሰው እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሳይደርሰው አይቀርም። መልእክቱም ይጥማል። «አትክልት ብሉ፣ ጨው ቀንሱ፣ ተንቀሳቀሱ» የሚለውን የጅምላ ምክር ስንሰማ ኖረናል። አንድ ሰው መጥቶ «አንተ እንደ ሌላው አይደለህም» ሲለን ጆሯችንን እንሰጠዋለን።

እውነት ነው፣ ሰው ከሰው ይለያል። ምክሩም መለየት አለበት። በዚህ ሐሳብ ከልቤ አምናለሁ። የማልስማማው ልዩነቱን በምንፈልግበት ቦታ ላይ ነው። ገንዘቡም ወሬውም ወደ ዘረመል ምርመራና ወደ ሴንሰር እየጎረፈ ነው። የሰውን ጤና በእጅጉ የሚወስኑ ብዙ ልዩነቶች ግን እዚሁ ቅርብ ናቸው። የደም ግፊቱ ስንት ነው? ከቤተሰቡ ማን በምን ታመመ? ምን መድኃኒት ይወስዳል? ስንት ሰዓት ይተኛል? ምግቡን ማን ያበስልለታል? ኪሱስ ምን ይችላል? እነዚህን ሳይጠይቅ ወደ ዘረመል የሚሮጥ ምክር «ለግል የተበጀ» የሚባል አይመስለኝም።

ሳይንሱን ማናናቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በእስራኤል የዋይዝማን ተቋም እነ ኤራን ሲጋልና ኤራን ኢሊናቭ 800 ሰዎች ላይ የደም ስኳርን ያለማቋረጥ የሚለካ ሴንሰር አድርገው ለአንድ ሳምንት ተከታተሏቸው። ያገኙት ነገር ብዙዎችን አስገርሟል። አንዱ ሰው ሙዝ ሲበላ ስኳሩ ያሻቅባል፤ ብስኩት ሲበላ ግን ብዙም ንቅንቅ አይልም። ሌላው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ለስኳር ሕመም ተቃርባ የነበረች አንዲት ሴት ጤናማ ነው ብላ የምታዘወትረው ቲማቲም ስኳሯን ከፍ ያደርገው ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ በእንግሊዝ የቲም ስፔክተር ቡድን ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን አጠና፤ ከእነሱም ብዙዎቹ መንትዮች ነበሩ። አንድ ዓይነት ዘረመል ያላቸው መንትዮች እንኳ አንድ ዓይነት ምግብ በልተው ሰውነታቸው የሰጠው ምላሽ ተለያየ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቆም ብሎ ማሰብ ይፈልጋል። በዘረመል አንድ የሆኑ ሰዎች ከተለያዩ፣ ምራቅ መርምሮ ምሳ ማዘዝ ምን ያህል ያስኬዳል?

ይህንኑ በቀጥታ የፈተነ ጥናት አለ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በክሪስቶፈር ጋርድነር የተመራው ቡድን ክብደት መቀነስ የሚፈልጉ 609 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ስብ እንዲቀንሱ፣ ግማሾቹ ካርቦሃይድሬት እንዲቀንሱ ተደረገ። ዓመቱን ሙሉ ባለሙያ አልተለያቸውም። ተመራማሪዎቹ የእያንዳንዱን ዘረመል አስቀድመው አይተዋል። በጊዜው በነበረው ግምት «ለዚህኛው ስብ መቀነስ ይሻለዋል፣ ለዚያኛው ካርቦሃይድሬት» የሚያሰኙ ምልክቶች ነበሩ። የኢንሱሊን ምላሻቸውንም ለክተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ ወጣ። ስብ የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ወረዱ። ልዩነት አለ ለማለት አይበቃም። ዘረመሉ ከአመጋገቡ ጋር የገጠመለት ሰው ካልገጠመለት የተሻለ አልቀነሰም። የኢንሱሊኑም ነገር ያው ሆነ።

እኔን የሚስበኝ ግን ከአማካዩ በስተጀርባ ያለው ነው። በሁለቱም ቡድን ውስጥ 30 ኪሎ ገደማ የቀነሰ ሰው አለ። ወደ 10 ኪሎ የጨመረም አለ። ከሰው ሰው የነበረው ልዩነት ይህን ያህል ሰፊ ነበር። በዘረመል የተፈለገው ቁልፍ ግን አልከፈተውም። ሁለቱ ቡድኖች የተነገራቸው ደግሞ በአብዛኛው አንድ ነበር። አትክልት አብዙ፤ የተጨመረበትን ስኳርና የተፈተገ ዱቄት ቀንሱ፤ በተቻለ መጠን ቤት አብስላችሁ ብሉ። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ይህን ማን ችሎ ይቀጥላል፣ ማን አይችልም፣ ለምን የሚለው ነው። ይህን ደግሞ ምራቅ አይናገርም።

ፉድ ፎር ሚ የተባለው የአውሮፓ ጥናትም ወደዚያው ያመለክታል። በሰባት አገሮች ከ1,600 በላይ ሰዎች ተካፍለውበታል። የራሳቸውን አመጋገብ መሠረት ያደረገ ምክር ያገኙት፣ የጅምላ ምክር ካገኙት ይልቅ አመጋገባቸውን አሻሻሉ። በዚያ ላይ የደምና የዘረመል ውጤት መጨመሩ ግን የተለየ ጥቅም አላመጣም። ለግል የተሰጠ ምክር ሠርቷል ማለት ነው፤ ለመሥራት ግን ዘረመል አላስፈለገውም።

ሴንሰሩም ቢሆን ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። ኢንሱሊን ለሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ሕይወት አዳኝ መሣሪያ ነው፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ጤነኛ ሰው ላይ ግን ንባቡ ይዋዥቃል። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የኬቨን ሆል ቡድን የስኳር ሕመም የሌለባቸው ሰዎች አንዱን ምግብ በተለያየ ሳምንት ደግመው እንዲበሉ አድርጎ ነበር። የዚያው ሰው ምላሽ በዚያው ምግብ ላይ በጣም ተለያየ። እንግዲህ አንድ ቀን ሩዝ በልቶ ቁጥሩ ስለጨመረ ሩዝን ዕድሜ ልክ የሚተው ሰው በምን ላይ ተመሥርቶ ነው?

ዘረመል ጭራሽ አያገባውም እያልኩ አይደለም። ፒኬዩ ከሚባለው የዘር ሕመም ጋር የተወለደ ሕፃን ፌኒላላኒን የተባለውን የፕሮቲን ክፍል ሰውነቱ በአግባቡ ሰባብሮ ማስወገድ አይችልም። ሳይታወቅ ከቀረ አእምሮው ይጎዳል። በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተረከዙ በሚወሰድ የደም ጠብታ ከታወቀና አመጋገቡ ከተስተካከለ ግን እንደ ማንኛውም ልጅ ያድጋል። ሴሊያክ የተባለው የአንጀት ሕመም ያለበት ሰውም በስንዴና በገብስ ውስጥ ካለው ግሉተን ከተባለ ፕሮቲን መራቅ ግዴታው ነው። ወተት የማይስማማው ሰው ደግሞ ብዙ ነው። እዚህ ላይ ልዩነቱ ትልቅና ግልጽ ስለሆነ ምክሩም ግልጽ ነው። ችግሩ ይህን እርግጠኝነት ተውሶ ለማንኛውም ሰው «የአንተ ዘረመል ይህን ቁርስ ይፈልጋል» ማለቱ ላይ ነው።

አንዲት የማውቃት ነርስ የሌሊት ተረኛ ናት። የደም ስኳሯ ትንሽ ከፍ ብሎ ተገኘና የአመጋገብ መመሪያ ወረቀት ተሰጣት። ቁርስ ጠዋት፣ ምሳ እኩለ ቀን፣ እራት አመሻሽ ላይ፤ በየመሐሉ መክሰስ። ወረቀቱ ያማረ ነው። ስሟ፣ ክብደቷና የምርመራ ውጤቷ ሁሉ ተጽፎበታል። እሷ ግን ጠዋት ቁርስ በሚባልበት ሰዓት ልትተኛ መጋረጃ ትዘጋለች። ምሳ በሚባለው ሰዓት እንቅልፍ ላይ ናት። ዋናውን ምግቧን የምትበላው እኩለ ሌሊት አልፎ፣ በሽተኞቹ ጸጥ ሲሉላት ነው። ማንም የሥራ ሰዓቷን አልጠየቃትም።

ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሰውነታችን ሌሊት ስኳርን የሚያስተናግደው እንደ ቀኑ አይደለም። በአሜሪካዋ ቦስተን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ አንድ ጥናት 19 ጤነኛ ወጣቶች በቤተ ሙከራ ውስጥ እንደ ሌሊት ተረኛ እንዲኖሩ ተደርገው ነበር። ሌሊት የበሉት የደም ስኳራቸው ጨመረ። ሌሊቱን ነቅተው ምግባቸውን ግን ቀን ብቻ የበሉት ላይ ያ ጭማሪ አልታየም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የቤተ ሙከራና የዎርድ ሕይወትም ይለያያሉ። ቢሆንም ለዚህች ነርስ ከየትኛውም የምራቅ ምርመራ ይልቅ ይህ ይቀርባታል። ከሥራ በፊት ጠንከር አድርጎ መብላት፣ ሌሊቱን ቀለል ባለ ነገር ማለፍ ይቻል እንደሆነ አብሯት የሚያስብ ሰው ነው የሚያስፈልጋት።

መድኃኒትም እንዲሁ ነው። የጨው ምትክን እንውሰድ፤ የሶዲየሙ ከፊል በፖታሲየም የተተካበት ጨው ማለት ነው። በቻይና 600 የገጠር መንደሮች ወደ 21,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ ተሞክሮ የስትሮክ ቁጥር በ14 በመቶ ቀንሷል። በጣም ጥሩ ውጤት ነው። ይኸው ጨው ግን ኩላሊቱ ለደከመ ሰው፣ ወይም ፖታሲየም በሰውነት ውስጥ እንዲቆይ የሚያደርጉ አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶችን ለሚወስድ ሰው ልብን እስከ ማወክ ሊደርስ ይችላል። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰውም የቅጠል አትክልት መጠኑን በአንዴ ከፍና ዝቅ ባያደርግ ይሻለዋል፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሰዋል። «መድኃኒቶችህን አምጣና አሳየኝ» የሚል አንድ ጥያቄ የሰው ሕይወት ያተርፋል።

ዕድሜም ይጨመርበት። በ30 ዓመቱ ክብደት ለሚቀንስ ሰው የሚበጀው በ70 ዓመቱ ላይጠቅም ይችላል። ዕድሜው የገፋ ሰው ምግብ ብቻ ቀንሶ ኪሎ ሲወርድ ከስቡ ጋር ጡንቻውም ይሄዳል። ጡንቻ ሲሄድ መውደቅና አጥንት መሰበር ይመጣል። ስለዚህ ለእሱ በቂ ፕሮቲንና ጡንቻ የሚያሠራ እንቅስቃሴ ከኪሎው በላይ ዋጋ አላቸው።

ለመሆኑ ለግል የተበጀ ነገር በትክክል ሲሠራ ምን ይመስላል? መልሱ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የወጣው የስኳር ሕመም መከላከያ ጥናት ለሕመሙ የተቃረቡ 3,234 ሰዎችን ይዞ ነበር። አንዱ ቡድን ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት ተሰጠው። ሌላው ከክብደቱ 7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ተደገፈ። መድኃኒቱ የስኳር ሕመምን በ31 በመቶ ቀነሰ። የኑሮ ለውጡ በ58 በመቶ። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ደግሞ ለውጡ 71 በመቶ ደረሰ። ግቡ ለሁሉም አንድ ነበር። መንገዱ ግን የየሰው ነው። ለእያንዳንዱ ተሳታፊ የተመደበ አሠልጣኝ ነበር። ሳምንቱ እንዴት እንዳለፈ ይጠይቃል፤ የት እንደተሰናከለ ያያል፤ አብሮ መላ ይፈልጋል። ለእኔ ለግል የተበጀ ጤና ማለት ይኼ ነው።

ገበያው ግን ሌላ ነገር ይሸጣል። የዘረመል ውጤቱ ሲመጣ አብሮት የቫይታሚን ጥቅል ይከተላል። ቫይታሚን ዲና ኦሜጋ-3 ወደ 26,000 በሚጠጉ አዋቂዎች ላይ በትልቅ ጥናት ተፈትነው በጥቅሉ ካንሰርንም፣ ዋና ዋና የልብ ሕመሞችንም አልቀነሱም። እጥረት ላለበት ሰው ጉዳዩ የተለየ ነው፤ እሱን የደም ምርመራ ይለየዋል። ከዚህም በላይ የተላከው ምራቅ ተመልሶ አይመጣም። የዘረመል ምርመራ ሻጩ 23አንድሚ እ.ኤ.አ. በ2023 የ6.9 ሚሊዮን ያህል ደንበኞቹ መረጃ አፈትልኮበት፣ በ2025 ደግሞ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል። ዘረመል አይቀየርም፤ የወንድምንና የልጅንም ምስጢር ይዟል።

ስለዚህ ገንዘቡ ወዴት ይሂድ የሚለው ላይ ነው መነጋገር ያለብን። በአሜሪካ ለአዛውንቶች የሚከፍለው የሜዲኬር መድን እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2018 ጀምሮ በዚያ በ2002ቱ ጥናት አምሳል የተዘጋጀውን የሥልጠና ፕሮግራም ወጪ ይሸፍናል። ለጤና የሚከፍሉ ሌሎች መድኖችና አሠሪዎችም ይህንኑ መንገድ ቢይዙ እላለሁ። ለሠራተኛቸው የምራቅ ኪት በስጦታ ከሚያድሉ፣ ወር በወር የሚያገኘው አንድ የሥነ ምግብ ባለሙያ ይክፈሉለት። ባለሙያውም በመጀመሪያው ቀን ግፊቱን ለክቶ፣ መድኃኒቶቹን አይቶ፣ ትናንት ምን፣ መቼና ከማን ጋር እንደበላ የሚጠይቅበት በቂ ጊዜ ይሰጠው።