ሽቦው የሚይዘውና የማይዘው

አንድ ጽሑፍ የተጣመመ ጀርባን በቀዶ ሕክምና፣ በብረት ዘንግና በሽቦ ስለማቅናት ሲያብራራ «ሽቦው ከጠበቀ አጥንቱ አይንቀሳቀስም» ይላል። ይህ ግማሹ ብቻ ነው። ሜክሲኳዊው ሐኪም ኤድዋርዶ ሉኬ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስፋፋው ዘዴ በየአከርካሪው ላሚና (ከኋላ ባለው ጠፍጣፋ የአጥንት ክፍል) ስር ሽቦ ስለሚያሳልፍ ጫናው ለብዙ ቦታ ይከፋፈላል፤ የጎን መታጠፍንም በደንብ ይቋቋማል። ሽቦ ግን ዘንጉን ወደ ላይና ወደ ታች አይቆልፍም፤ ዘንጉ በሽቦው ቀለበት ውስጥ ይንሸራተታል። የዘንጉ ጫፍ በ«ኤል» ቅርጽ የሚታጠፈው እንዳይሸሽና እንዳይዞር ነው።

ጥፋት የሚበዛው የሽቦው ጥምዘዛ ላይ ነው። ሁለቱ ጫፎች እኩል ተስበው ካልተጠመዘዙ አንዱ ቀጥ ብሎ ይቀርና ሌላው ይጠመጠምበታል፤ እንዲህ ያለው ቋጠሮ ይላላል። ከልክ ካለፈ ደግሞ ከጥምዙ ስር ይበጠሳል። ፒንሳ የጫረው ቦታም ውሎ አድሮ መሰበሪያ ይሆናል። ጀርባው እየቀና ሲሄድ ቀድመው የታሰሩት ስለሚላሉ ሁሉንም ዞሮ ማጥበቅ የግድ ነው። አጥንቱ የሳሳ ከሆነ ሽቦው ሳይበጠስ ላሚናውን ይቆርጣል፤ በዚህ ጊዜ ሰፋ ያለ ማሰሪያ ይሻላል።

አከርካሪዎቹን እንዲያያይዝ የሚደረገው የአጥንት ንቅለ ተከላ ካልያዘ የትኛውም ብረት በሚመላለስ ጫና ደክሞ ሊሰበር ይችላል። እባካችሁ ሐኪሞች፣ ከሰበታና ከሱሉልታ ገጠር ለሚመጡ ቤተሰቦች ይህን ሳታስረዱ አትሸኙ፤ ቀዶ ሕክምናው የተደረገለት ልጅ እስኪፈቀድለት ሸክም አይሸከም፣ በኮረኮንች መንገድ በባጃጅ አይንገላታ። እግሩ ከዛለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተው ቀጠሮ ሳይጠበቅ ያኑ ቀን ሆስፒታል ይምጣ።