ርዕስ አንብቦ የሚበቃው ሰው ይኑርልን

ሐኪም ይመሰገናል፣ መምህር ይመሰገናል፣ አትሌትማ ባንዲራ ለብሶ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አበባ ይቀበላል። የዜናን ርዕስ ብቻ አይቶ አገር ምድሩን የሚያዳርሰውን ሰው ግን እስካሁን ዞር ብሎ ያየው የለም። ግፍ ነው። እኔ ዛሬ ይህን ግፍ ላስቀር ተነስቻለሁ።

ታውቁታላችሁ። ደሴ ውስጥ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር በየበሩ አንድ አይጠፋም፤ ኮምቦልቻም ወልዲያም አይታሙም። ዓይኑ ሁለተኛው መስመር ላይ አርፎ አያውቅም፣ ግን ስለ ጉዳዩ ከባለጉዳዩ በላይ ያውቃል። ድሮ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል ነበር። ለእሱ ምስጋና ይግባውና ዛሬ ጉድ ሳይሰማ ቁርስ አይቀርብም።

የሰፈራችንን አንድ ጋሼ እንውሰድ። እጣኑ ጨሷል፣ አቦል ሊቀዳ ነው። ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ስልካቸውን ክንዳቸው እስከቻለ ድረስ አርቀው ይዘዋል።

"ጉድ! ጉድ!"

"ምን ይላል ጋሼ?"

"ምን ይላል ትለኛለህ እንዴ? አልቆለታል!"

"ማን ነው ያለቀለት?"

"ሰውዬው ነዋ!"

"ውይ፣ ልጆቹስ?" አለች ቡና የምትቀዳው።

ጠጋ ብዬ አየሁት። ታምኔሉ፣ ማለትም የቪዲዮው የፊት ምስል ላይ የሁለት ባለሥልጣናት ፊት ተቆርጦ ተለጥፏል። አንደኛው ያለቅሳል፤ እንባው በኮምፒውተር የተሠራ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ከኋላቸው እሳት ይነዳል፣ ሄሊኮፕተር ያንዣብባል፣ አንድ ቀይ ቀስት ደግሞ የሰውዬውን ጆሮ ይጠቁማል። ጆሮው ለምን እንደተመረጠ እስካሁን አልገባኝም።

"እስቲ ይከፈትና እንስማው" አልኩ፣ አላርፍ ብዬ። ጋሼ ከፈቱት። መለከት ተነፋ። "ጤና ይስጥልን የተከበራችሁ ተመልካቾቻችን፣ ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ሰብስክራይብ በማድረግ፣ የደወል ምልክቷን በመጫን…" ቶና ተቀዳ። "ወደ ዝርዝሩ ስንገባ፣ በቅድሚያ…" ጋሼ ዘጉት። "እሱ ማብራሪያ ነው" አሉ። "ዋናውን ሰምተናል።"

ማታ ብቻዬን እስከ መጨረሻው አየሁት። ያለቀው ለካ የሰውዬው የዓመት ፈቃድ ኖሯል። ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል።

አሁን ጋሼን ሰነፍ የሚላቸው አይጠፋም። ስህተት ነው። ጋሼ ኢኮኖሚስት ናቸው። ዩቲዩብ ከስምንት ደቂቃ ለሚበልጥ ቪዲዮ መሀል መሀሉ ላይ ማስታወቂያ እንዲገባ ይፈቅዳል። ስለዚህ በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ወሬ ተጎትቶ ተጎትቶ ስምንት ደቂቃ ከምናምን መድረስ አለበት። ደግሞ አንድ ቻናል ከማስታወቂያው ገንዘብ ለመካፈል በተለመደው መንገድ 1,000 ሰብስክራይበርና በአንድ ዓመት ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት ማሟላት ይጠበቅበታል። 4,000 ሰዓት! ያ ሁሉ ሰዓት የሚለቀመው ከእኔና ከእናንተ ዕድሜ ላይ ነው። ጋሼ አርባ ሰከንድ ወርውረውላቸው ይወጣሉ። ዕድሜም ዳታም ቆጠቡ። የቀረውን ራሳቸው ይሞሉታል፤ እውነቱን ለመናገር የእሳቸው ዝርዝር ከዩቲዩበሩ ይሻላል፣ ቢያንስ ማስታወቂያ የለውም።

ሚኒባስ ውስጥ ደግሞ ልማዱ የጋራ ሥራ ይሆናል። ደሴ መናኸሪያ ላይ አንዱ ስልኩን እያየ "ታዋቂው አርቲስት ሆስፒታል ገባ" ይላል። መኪናው ሐረጎ ላይ መጠምዘዝ ሲጀምር ከኋላ ወንበር "ምስኪን፣ ጸንቶበታል አሉ" ይመጣል። ቁልቁለቱ ሳያልቅ አርቲስቱ አርፏል። ጋቢና የተቀመጡት እናት "ነፍስ ይማር" ይላሉ፣ መሀል ያሉት ሼህ "አላህ ይዘንለት" ይላሉ፣ ወሎ ነውና ሟች በሁለቱም ወገን ይሸኛል። ረዳቱ "ሚስቱ ድሮም አትወደውም ነበር" ብሎ የፍቺውን ምዕራፍ ይጨምራል። ኮምቦልቻ ሲገቡ ውርሱ ላይ ክርክር ተነስቷል። አርቲስቱ ሆስፒታል የገባው የታመመ ጓደኛውን ሊጠይቅ ነው፤ ርዕሱ ግን ይህን አላለም፣ ታዲያ ተሳፋሪው ምን ያድርግ? ለዚህ ሁሉ መስተንግዶ ደግሞ የታሪፍ ጭማሪ የለም። ምስኪኑ አርቲስት በማግስቱ "ኧረ አለሁ" ብሎ ቪዲዮ ሲለቅ ርዕሱ "አርቲስቱ ስለ ሞቱ ዝምታውን ሰበረ" ይሆናል።

በነገራችን ላይ የመንግሥት ሚዲያ ለዚህ ልማድ የዋለው ውለታ እንዳይረሳ። "ውይይት ተካሄደ። ተሳታፊዎች ውይይቱ ጠቃሚ እንደነበር ገለጹ። ተመሳሳይ መድረኮች ተጠናክረው እንዲቀጥሉ ተጠየቀ።" ምን ላይ ተወያዩ? አልተገለጸም። እንግዲህ ዝርዝሩም ባዶ ርዕሱም ባዶ ከሆነ፣ ቢያንስ እሳትና ሄሊኮፕተር ያለበትን መምረጥ ምን ነውር አለው?

ርዕስ አንባቢ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይጠፋል ብሎ የገመተም ነበር። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ዳታውም ጠፋ፣ ለወራትም ሳይመለስ ቆየ። አላወቁንም። ወሎ ውስጥ አረብ አገር ልጅ ወይ እህት የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ነው። ልጅቱ ሪያድ ተቀምጣ ርዕሱን ታያለች፣ ከዚያ ትደውላለች።

"እማ! ደሴ ተቃጠለች አሉ፣ ደህና ናችሁ?"

እናት ሽሮ እያማሰሉ ነው። "የቷ ደሴ?"

"የኛዋ ናታ እማ!"

"ኧረ እኔ እዚሁ ነኝ የኔ እናት፣ አልተቃጠለችም።"

"ግድ የለሽም፣ በር ዝጊ።"

እናት ስልኩን አስቀምጠው ትንሽ አሰቡ። ወጥተው ወደ ጦሳ ተራራ ተመለከቱ። ጉም እንጂ ጭስ የለም። ቢሆንም ለጎረቤት ነገሩ፦ "ልጄ ከሪያድ ሰምታ ነው፤ ውጭ ያለ ሰው ያውቃል።" ሰፈሩ በጊዜ በሩን ቆልፎ ተኛ። በዚያ ሰሞን ዩቲዩብ ላይ አንዲት ከተማ በቀን ሁለቴ ትያዛለች፣ ሁለቴ ነጻ ትወጣለች፤ ነዋሪዋ መሀል ላይ ወፍጮ ቤት ደርሶ ይመለሳል።

ልማዱ ትናንት የመጣ እንዳይመስላችሁም። መስከረም 17 ቀን 1909 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ዋናው ክስ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚል ነበር። የሙስሊም ልብስ ለብሰው የሚያሳይ የተቀነባበረ ፎቶ ተሰራጭቶ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ያነሳሉ። ታምኔል ነዋ! "እስቲ ዝርዝሩን" ያለ ቢኖርም አልተሰማም። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ወጡ፣ ልክ በወሩ ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። በዚያ ዘመን ሼር የሚባል ቁልፍ የለም፤ ወሬው በእግርና በበቅሎ ነው የተዳረሰው። እና በርዕስ የተጎዳ አገር ቢኖር ወሎ ነች፣ ቂም ብትይዝ ማን ይፈርድባታል? የኛ ደግነት ግን ሌላ ነው። ይቅር ብለን ሙያውን ራሱን ተማርነው።

አንድ የኛ ብቻ የሆነ ጌጥም አለ። ሼህ ሁሴን ጅብሪልን ወሎ ውስጥ የማያውቅ የለም፣ ንግርታቸው በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ዘንድሮ ግን ሼሁ ያለ ዕረፍት እንዲሠሩ ተደርገዋል። ሚኒስትር በተሻረ ቁጥር፣ ኑሮ በተወደደ ቁጥር፣ አርሰናል በተሸነፈ ቁጥር "ሼህ ሁሴን ጅብሪል ቀድመው ተናግረውታል" የሚል ርዕስ ይወጣል። ግጥምም ተያይዟል፣ ቤት መምታቱ ላይ ቢያነክስም። የሚገርመው ሁልጊዜ የሚገኘው ነገሩ በሆነ ማግስት ነው። አንዱ ላይማ ባጃጅ የሚል ቃል አይቻለሁ። መንዙማ ሲወርድ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው የሚያዳምጥ ሕዝብ ልጆች፣ አራት ስንኝ ከየት እንደመጣ ሳንጠይቅ ፎርዋርድ እናደርጋለን። ፍጥነት ይሏል ይሄ ነው።

ንግዱም ላይ ልማዱ ፍሬ አፍርቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ ይወሰን አለ፤ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። የሰፈሬ ባለሱቅ ሳምንታት አላስፈለጉትም። ርዕሱን አየ፣ ጨመረ።

"ይሄ ዘይት ከመግለጫው በፊት የገባ አይደለም እንዴ?"

"ወንድሜ፣ ዶላር ጨምሯል።"

"እሺ ሽንኩርቱስ?"

"ያው ነው።"

"ሽንኩርቱ እኮ ከቆቦ ነው የመጣው።"

"ቆቦም ዶላር ጨምሯል።"

ምን ይመለሳል? ከፈልኩ። ብሔራዊ ባንክ ማብራሪያውን ገና በገጽ በገጽ እያወጣ ሳለ እኛ ሰፈር ፖሊሲው ተግባራዊ ሆኖ አድሯል። እንዲህ ዓይነት የአፈጻጸም ብቃት መሥሪያ ቤቶቻችን ቢኖራቸው የት በደረስን።

ሕግ ግን ምቀኛ ነው። በ2012 የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1185 ወጣ። ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ቅጣት ይጠብቀዋል። ያሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ሆጤ አካባቢ የሰፈር ወሬ የሚለጥፍበት ገጽ ያለው አንድ የማውቀው ልጅ አለ። ይህን አዋጅ ያገኘው እንደ ልማዱ በርዕስ ነው፦ "ከ5,000 በላይ ተከታይ ያላችሁ ጉዳችሁ ፈላ!" ከዚያ በታች ምን እንደተጻፈ አላየም፣ ለምን ብሎ ያያል? ሌሊቱን ተቀምጦ ተከታዮቹን አንድ በአንድ ሲቀንስ አደረ። የገዛ አጎቱን ሳይቀር። ከዚያ ወዲህ ገጹ 4,999 ላይ ቆሟል፣ እሱም ያሻውን ይለጥፋል። አዲስ ሰው ሲገባ አንድ ነባር ያስወጣል፤ ትናንት ተራው የእኔ ነበር።