ማስተካከያ፦ ማርማላታ በ105 ዲግሪ የሚደርሰው ሁሉም ቦታ አይደለም

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው፣ ለብርዱ ወራት የሚቀመጥ የኩዊንስ (ፖም የሚመስል ጠንካራ ቢጫ ፍሬ) ማርማላታ አሠራር «ቴርሞሜትሩ 105 ዲግሪ እስኪያሳይ አብስሉት» ይላል። ይህ ልክ የሚሆነው በባሕር ጠለል አካባቢ ላለ ሰው ነው። ቴል አቪቭ ላላችሁ ብዙም ችግር የለውም። ለደጋ ሰው ግን ስህተት ነው።

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የቤት ውስጥ ምግብ አቆያየት መመሪያ ትክክለኛውን ያስቀምጣል፦ ውሃ በአካባቢያችሁ ከሚፈላበት ሙቀት ላይ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ጨምሩ። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ 97 አካባቢ ሲደርስ አውርዱት፤ የእንጆሪም ሆነ የሌላ ፍሬ ማርማላታ ያው ነው። 105 ካልሞላ ብላችሁ ከጠበቃችሁ ውሃው ከመጠን በላይ ይተናል፣ ስኳሩ ያርራል፣ ሲቀዘቅዝም ማንኪያ አያስገባም። ድካሙም ስኳሩም ከንቱ ይቀራል።

ቴርሞሜትር የሌላችሁ አትቸገሩ። ትንሽ ሳህን ፍሪዘር ውስጥ አቀዝቅዙና ጠብታ አድርጉበት። እሳቱን ግን ለጊዜው አጥፉ፤ አለዚያ እናንተ ስትፈትኑ ድስቱ ማብሰሉን አያቆምም። የቀዘቀዘውን ጠብታ በጣት ገፋ ስታደርጉት ላዩ ከተጨማደደ ደርሷል። ኩዊንስ በተፈጥሮው ፔክቲን (ማርማላታን የሚያረጋ፣ ፍሬ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር) የሞላው ስለሆነ የሚያረጋ ዱቄት መግዛት አያስፈልግም።