«ትለምደዋለህ» አሉኝ

ወላሂ ዛሬ የጽሑፍ ቤቴን ኪቦርድ ቦርከና ወንዝ ልወረውረው ነበር።

መብራት እንኳን አልጠፋም። ቢጠፋ ይሻለኝ ነበር፤ ለመብራት የለመድነው ስድብ አለን። ያቺ የላላች ገመድ ናት። በክርኔ ነካኋት፣ ኪቦርዱ ለአንድ ሰከንድ ጠፍቶ ተመለሰ። በቃ፣ አማርኛ የለም።

ሊኑክሱ (በዊንዶውስ ፋንታ የምጠቀመው ሲስተም) እኮ አይቶታል! የሊኑክሱ እምብርት ከርነሉ «የሆነ ነገር ተሰካ» ይላል፣ ዩዴቭ የሚባለው ፕሮግራም ኪቦርድ መሆኑን ይለያል፣ ስክሪኑንና ኪቦርዱን የሚያስተዳድረው ኤክስ ዶት ኦርግ ይቀበለዋል። ሁሉም በራሱ። ግን የሚቀበለው እንደ አዲስ እንግዳ ነው። ጠዋት ስክሪፕቴ (ትእዛዝ የጻፍኩባት ፋይል) የጫነው አማርኛ ለቀድሞው ነበር፣ ይሄኛው እንግሊዝኛ ይበቃዋል። ልጅህ ደጅ ወጥቶ ሲመለስ «አንተ የማን ነህ?» ብትለው አስበው።

እኔ ይሄን መቼ አየሁ? ዓይኔን ሊያስጽፉ የመጡ አንድ አባባ ማመልከቻ ላይ ተክዬ አንድ አንቀጽ ጨርሻለሁ።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ቀና ስል ስክሪኑ ሙሉ ኤስ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ።

«ይቅርታ አባባ፣ ቋንቋው ተቀይሮ ነው።»

«ዐረብኛ ነው እንዳልል ዐረብኛ አውቃለሁ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኮፒ የምታነሳዋ ልጅ ሳትቀር። ደመወዟን የምከፍለው እኔ ነኝ!

ኃላፊው ሳይወጣባቸው ብለው ወረቀታቸውን ይዘው ፊት ለፊት ካለው ቤት ገቡ። እሺ፣ ይሂዱ። ግን ጃንጥላቸውን ረስተው ተመለሱ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «አብሽር ልጄ፣ ትለምደዋለህ» አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት ስጽፍ ኖሬ!

ዊንዶውስ ጫን የምትሉኝ አትድከሙ። የደሴ ሰው ፍላሽ ይዞት የሚመጣውን ቫይረስ ያየ ያውቀዋል።

ማውሱም ያው ነው። ግራኝ ስለሆንኩ ቁልፎቹን አገላብጫቸዋለሁ። ተነቅሎ ሲሰካ ቀኝ ሆኖ ይመጣል። ባለፈው ሳምንት የሰርግ ጥሪ ያበላሸሁት በዚሁ ነው።

ደግሞ እኮ የሚያውቅ መስሎት! የተሰካውን ሁሉ የሚዘረዝረውን ትእዛዝ፣ «ኤክስኢንፑት ሊስት» ብላችሁ እዩ። የኮምፒውተሩ ማብሪያ ኪቦርድ ነው ይላል። የላፕቶፔ ካሜራም ኪቦርድ ነው። ማብሪያውን ያወቀ የኔን ኪቦርድ ምነው ረሳው?

ድሮ ማውስና ኪቦርዱን ፋይል ላይ በእጃችን ነበር የምንጽፈው። በ2007 እ.ኤ.አ. ሃል የሚባል ፕሮግራም መጥቶ «እኔ አውቅላችኋለሁ» አለ። በ2010 እሱን አሰናብተው ዩዴቭን ተኩ። ሹም ሽሩ አላለቀም፣ የኔ አማርኛ ግን ማንም ሳያስታውሰው ቀረ።

ኮምቦልቻ ላለው ጓደኛዬ ደወልኩ። መጀመሪያ ሳቀ። እሱ ሙቀት ላይ ተቀምጦ ይስቃል፣ እኔ እዚህ ጣቴ በጦሳ ተራራ ብርድ ደንዝዟል። «ስክሪፕቱን ተወው» አለኝ። «የኤክስ ዶት ኦርግ ፎልደር ውስጥ ኢንፑትክላስ የሚል ክፍል ከፍተህ የአማርኛውን ኮድ ‹ኢቲ›ን አስቀድመህ ጻፍ። ያኔ ኪቦርድ የሆነ ሁሉ ገና ሲሰካ አማርኛ ይዞ ይገባል።» አምስት ስድስት መስመር ናት። ለአምስት ስድስት መስመር ነው የተዋረድኩት!

ጻፍኩ። ከሲስተሙ ወጥቼ ገባሁ። ነቀልኩ፣ ሰካሁ፦ አማርኛ! ደስ አለኝ። ልጅቷን ጠርቼ አሳየኋት። ነቀልኩ፣ ሰካሁ። አሁንም አማርኛ። አላመንኩም፣ ደገምኩት። ሰባተኛው ላይ ቀዳዳው ራሱ ገመዷን ይዞ ወጣ።

ይሄን የምጽፍላችሁ በስልክ ነው።