የሮዝ ሚና የአንድ ዓይነት ድምፅ ርስት አይደለም
«ጂፕሲ» የተሰኘው ሙዚቃዊ ተውኔት እ.ኤ.አ. በ2024 በኒው ዮርክ የቲያትር መንደር በብሮድዌይ እንደገና ሲቀርብ የእናቲቱን የሮዝን ሚና ለተዋናይትና ዘፋኟ ኦድራ ማክዶናልድ መስጠት ስሕተት ነው የሚል ጽሑፍ አንብቤ ነበር፤ የጸሐፊውን ሐሳብ አልቀበለውም። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ሚናውን መጀመሪያ የተጫወተችው ኤተል መርማን ነጎድጓዳማ ድምፅ ነበራት፤ የማክዶናልድ ድምፅ ግን በጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተገራ ሶፕራኖ (ቀጭን የሴት ድምፅ) ነው። ይሁን እንጂ ከመርማን በኋላ አንጄላ ላንስበሪ፣ ታይን ዴሊና ፓቲ ሉፖን ሮዝን በየራሳቸው መንገድ ተጫውተው ሦስቱም ለብሮድዌይ ተውኔቶች የሚሰጠውን የቶኒ ሽልማት አግኝተዋል። ከእኔ በፊት በጽሑፉ ላይ አስተያየት የሰጡት አንባቢ ማክዶናልድ ለተውኔቱ የመጨረሻ ዘፈን ጉልበት ያንሳታል ማለታቸውም አላሳመነኝም፤ ያ ትዕይንት ከጩኸት ይልቅ ዕድሜዋን ሙሉ ልጆቿን ወደ መድረክ ስትገፋ የኖረች እናት የገዛ ራሷን ምኞት ስትናዘዝ የሚሰማትን ስብራት ይጠይቃል፤ ይህንንም ስድስት ጊዜ ቶኒ ያሸነፈች ተዋናይት እንዴት እንደምታሳየን ለማየት በታላቅ ጉጉት ስጠብቅ ነበር።