ማስተካከያ፦ ማህፀንን በሮቦት ስለማውጣት
«በሮቦት የሚሠራው ከላፓሮስኮፒ ያነሰ ጠባሳ ይተዋል» ብለን የጻፍነው ስህተት ነው። ላፓሮስኮፒ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ ወደ ሆድ አስገብቶ የሚሠራ ቀዶ ጥገና ነው። የሮቦቱ ቀዳዳዎች በአብዛኛው 8 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ በላፓሮስኮፒ ብዙዎቹ 5 ናቸው። ካንሰር ላልሆነ ሕመም፣ ለምሳሌ ለማዮማ (ለማህፀን ዕጢ)፣ በሁለቱ ዘዴዎች መካከል በማገገምም ሆነ በሚያስከትሉት ጉዳት ጉልህ ልዩነት አልታየም፤ የሮቦቱ ወጪ ግን ይበልጣል። ደግሞም ሮቦቱ በራሱ አይቆርጥም፤ እጆቹን የሚያንቀሳቅሰው ሐኪሙ ነው። ስለዚህ ከመሣሪያው ዓይነት በፊት ሐኪሙ በዚያ ዘዴ ስንት ቀዶ ጥገና እንደሠራ ይጠየቅ።

«ለማህፀን በር ካንሰርም ሁለቱ ዘዴዎች ሆድ ከመክፈት ይሻላሉ» ማለታችንም ይታረም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ትልቅ ጥናት፣ ገና ሳይስፋፋ በተገኘ ካንሰር ሆዳቸው ተከፍቶ የተሠራላቸው ሴቶች በሽታው ተመልሶ ያገረሸባቸው ጥቂት፣ በሕይወት የቆዩትም ብዙ መሆናቸውን አሳይቷል።

በብልት ውስጠኛ ጫፍ ያለው ስፌት እንዳይፈታ ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ከግብረ ሥጋ ግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል ያልነው እንዳለ ነው፤ ለሁለቱም ዘዴዎች ይሠራል።